ከዘጌ ጫካ በላይ ያለው ቀይ ብርሃን

ፀሐይ በአቸፈር በኩል ጠልቃ፣ የዘጌ ቡና ጫካ ድቅድቅ ካለ በኋላ፣ ሰማዩ ቀይ ይበራል። በየምሽቱ! ትናንት በርቷል፣ ዛሬም ይበራል። ከጫካው 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጣና በላይ፣ ከባሕር ዳር በላይ፣ ከጎጃምና ከጎንደር በላይ ተዘርግቶ ያድራል። ዓይናችን ስለማይችለው ነው እንጂ ብርሃኑስ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተተከለ አንድ መሣሪያ አይቶታል፣ ለክቶታል፣ ውጤቱም ታትሞ ወጥቷል። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክንዱን ይዤ ወደ ሰማይ ካላሳየሁ አልለቅም። ጀልባ ነጂው፣ ቡና ለቃሚው፣ የባጃጁ ሹፌር፣ ማንም አላመለጠኝም።

ቀለሙን የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። የሞገዱ ርዝመት 630 ናኖሜትር። አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ኖርዌይና ፊንላንድ ሰማይ ላይ የሚውለበለበው፣ ቱሪስቱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቀው አውሮራ፣ የላይኛው ጫፉ ቀይ ይሆናል። ያ ቀይ 630 ናኖሜትር ነው። ያው አቶም! ያው ቀለም! እዚያ ከጠፈር የሚወርዱ ኤሌክትሮኖች ኦክስጅኑን እየመቱ ያበሩታል። እዚህ ምንም የሚወርድ ሳይኖር በእርጋታ ይበራል፤ ቀን ፀሐይ የሰባበረችው የላይኛው አየር ሌሊት መልሶ ሲገጣጠም፣ ከዚያ የተረፈው ጉልበት ኦክስጅኑን ይቀሰቅሰዋል። በሰሜን ጠብ ነው፣ በእኛ ዘንድ ዕርቅ ነው ብል ደስ ይለኛል፤ ፊዚክስ የሚያስተምሩ ወዳጆቼ ግን ይቆጡኛል።

የዚህ ቀይ ብርሃን ጠባዩ ራሱ ይገርማል። የተቀሰቀሰው አቶም ብርሃኑን እስኪለቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ለአቶም ይህ ዕድሜ ልክ ነው። በዚያ መሐል ከሌላ አቶም ከተጋጨ ጉልበቱን ተነጥቆ ሳይበራ ይቀራል። ስለዚህ ቀዩ የሚገኘው አየሩ እጅግ በሳሳበት ከፍታ ብቻ ነው። አረንጓዴው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚለቀቅ ግጭት አይቀድመውም፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ዝቅ ብሎ መብራት ይችላል። አውሮራ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቀይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ባሕር ዳር ያለው መሣሪያ ፋብሪ-ፔሮ ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። ቀዩን ብርሃን ተቀብሎ እጅግ በቀጭኑ ይተነትነዋል። ቀለሙ በጥቂቱ ሸርተት ካለ፣ የሚያበራው አየር ወደ እኛ እየመጣ ወይም ከእኛ እየሸሸ ነው ማለት ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት ከዚያ ይወጣል። የቀለሙ መስመር ከሰፋ ደግሞ አየሩ ሞቋል። በሌላ አነጋገር ፊኛም ሮኬትም ሳይላክ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ 250 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ነፋስና ሙቀት ማንበብ! ፋሲል ተሰማ፣ ጆን ሜሪዌዘር፣ ባይሌ ዳምጤና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2015 እስከ ኤፕሪል 2016 ድረስ ያነበቡትን በ2017 አሳተሙ። ሰማዩ የተመቸላቸው 53 ሌሊት ነበር።

ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እኛ እራት ስንበላ፣ ያ የላይኛው ነፋስ ወደ ምሥራቅ በሰከንድ ከ70 እስከ 90 ሜትር ይከንፋል። በሰዓት ሲሰላ ከ250 እስከ 320 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ፔሩ ላይ ከተለካው ግን በጣም ያነሰ ነው፤ ብራዚል ላይ ከተለካው ጋር ይቀራረባል። የምድር ወገብ ሰማይ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ማሰብ ከዚህ በኋላ አያዋጣም። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የሌሊቱ ሙቀት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ስንት ሰዓት አልፎ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ መሄድ ሲገባው፣ ከሌሊቱ 6፡30 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መልሶ ይሞቃል! በጃንዋሪ 2016፣ በእኛ በ2008 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ ጭማሪው 110 ዲግሪ ያህል ደርሷል። ተመራማሪዎች ለማነጻጸሪያ የሚጠቀሙበት ዝነኛው የከባቢ አየር ሞዴል ይህን የሌሊት ሙቀት በስድስቱም ወራት አንድም ጊዜ አላገኘውም። በዓለም የታወቀ ሞዴል ያላየውን የባሕር ዳሩ መሣሪያ አየ!

ይህን ሁሉ ባሕር ዳር ከተማ መብራት ሥር ሆኖ ማሰብ ይቻላል፤ ዘጌ ላይ ሆኖ ማሰብ ግን ሌላ ነው። ባሕረ ገብ መሬቱ ላይ ማረስ ክልክል እንደሆነ፣ ክልከላውም ከአቡነ በትረ ማርያም እንደወረደ አባቶች ይናገራሉ፤ ስለዚህም ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አድጎ፣ ጫካው ሳይመነጠር እዚህ ደርሷል። ሌሊቱ ሌሊት ነው። በዚያ በጨለማ የኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የአዝዋ ማርያምና የመሐል ዘጌ ጊዮርጊስ አባቶች ለሰዓታት ይነሣሉ። እነርሱ በቆሙበት ሰዓት፣ ከራሳቸው በላይ በሩቁ፣ አየሩ እየሞቀ ነው።

ለአንድ አረጋዊ መነኩሴ ነገርኳቸው። መስቀል ተሳልሜ፣ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብዬ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» ብለውኝ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ቀዩን ብርሃን፣ ኦክስጅኑን፣ ነፋሱን፣ የፈረንጅ አገሩን አውሮራ ዘረገፍኩት። በጸጥታ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «መልካም። በዓይን የሚታየውስ ለምን ለእነርሱ ብቻ ሆነ?» አሉ።

ጥያቄ ማለት ይህ ነው! መልሱም ያለው በእግራችን ሥር ነው። ምድር ትልቅ ማግኔት ናት፤ ከጠፈር የሚመጡ ኤሌክትሮኖች ደግሞ የመግነጢሱን መስመር ተከትለው እንጂ አቋርጠው መሄድ አይሆንላቸውም። በዋልታው አካባቢ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ስለሚገባ ኤሌክትሮኖቹ በእርሱ ላይ ተንሸራትተው አየሩን ይመታሉ። ኢትዮጵያ ላይ ግን መስመሩ ተኝቷል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በአዲስ አበባ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳር ከእርሱ በስተሰሜን ትንሽ ራቅ ብላ ስላለች መስመሩ እዚያ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ያዘነብላል። በተኛ መስመር ላይ ወደ ታች የሚወርድ የለም። «እንግዲያው ጋሻ ነዋ!» አሉኝ አባ። ነው እንጂ አባ፣ ነው!

የምወደው የታሪክ ግጥምጥም አለ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል እንኳ ምሥራቅና ምዕራብ አንድ ላይ ምድርን ሲለኩ ከረሙ። ፀሐይም አላሳፈረቻቸውም፤ በዚያን ሰሞን የታየው የፀሐይ ነጠብጣብ ብዛት እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነው። በአላስካ፣ በካናዳና በሳይቤሪያ ሰማዩን ሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያነሡ ካሜራዎች ተተከሉ። ሲዩን-ኢቺ አካሶፉ የተባለ ወጣት ጃፓናዊ፣ አላስካ ውስጥ ከታላቁ ሲድኒ ቻፕማን ሥር እየተማረ፣ እነዚያን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ አየና በ1964 አንድ ታላቅ ነገር አሳተመ፦ አውሮራ እንዲሁ ብልጭ ድርግም የሚል አይደለም፣ ሥርዓት አለው!

ሥርዓቱ ይህ ነው። መጀመሪያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ጸጥተኛ ቅስቶች ይታያሉ፤ አንዳንዴም ለሰዓታት እንዲያው ናቸው። ከዚያ በእኩለ ሌሊት አቅጣጫ፣ ወደ ምድር ወገብ የቀረበው የመጨረሻው ቅስት በድንገት ይፋፋማል። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ብርሃኑ ወደ ዋልታው ይፈነዳል፤ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ይበጣጠሳል። ከፍንዳታው ጫፍ አንድ ትልቅ ማዕበል ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይጋልባል። ግማሽ ሰዓት ገደማ እንዲህ ካበደ በኋላ ይረጋጋል፤ በንጋቱ በኩል ያለው ሰማይ ላይ ግን በሰከንዶች ልዩነት የሚበሩና የሚጠፉ ጨርቅ ጨርቅ የመሰሉ ብርሃኖች ይቀራሉ። ጠቅላላው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አካሶፉ ሰብስቶርም አለው። ጉልበቱ የሚመጣው ከምድር ጀርባ፣ የፀሐይ ነፋስ ጎትቶ ካስረዘመው የመግነጢስ ጅራት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቴሚስ የተባሉ አምስት ሳተላይቶች አንዱን ሰብስቶርም ተከታትለው፣ ወደ ጨረቃ በሚወስደው መንገድ ሲሶው ላይ መስመሮቹ ሲበጠሱና መልሰው ሲቀጠሉ ያዙት።

አሁን ወደ ግጥምጥሙ። በዚያው የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪካችንን የጻፉልን እርሳቸው ናቸው፤ የመግነጢስ መዝገባችንም ከእርሳቸው ይጀምራል። ለምን አዲስ አበባ? ከላዩ ላይ፣ ከ105 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ወንዝ ስላለ። ወንዙ መግነጢሳዊውን ወገብ ተከትሎ ምድርን ይዞራል። ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ብሎ ስም ያወጣለት ማን ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1951 ያ የአካሶፉ መምህር፣ ሲድኒ ቻፕማን! የጂኦፊዚክስ ዓመቱን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመራውም እርሱ ነው። የሰሜኑ ብርሃንና የእኛ ወንዝ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር።

ጠረጴዛ ላይ ብቻም አይደለም የሚገናኙት። የኔን ልብ ያቆመው ይህ ነው። የፀሐይ ነፋስ ይዞት የሚመጣው መግነጢስ ወደ ደቡብ ሲዞር፣ በዋልታዎቹ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ይነሣል፤ አውሮራው ይንቀለቀላል። ያ መስክ እዚያው አይቀርም። በደቂቃዎች ውስጥ ምድር ወገብ ይደርሳል! ኤሌክትሮን ሊያልፈው ያልቻለውን ጋሻ መስኩ ዘልቆ ይገባል። ቀን ከሆነ በላያችን ያለውን ኤሌክትሪክ የተሸከመ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ኤሌክትሮጄቱ ይጎለብታል፣ አዲስ አበባ ያለው የመግነጢስ መለኪያ፣ ማግኔቶሜትሩ፣ ይዘላል። ሁለተኛው መልእክት በዝግታ ይመጣል፤ አውሮራ ያሞቀው የሰሜንና የደቡብ አየር ነፋስ ሆኖ ወደ ወገቡ ይነፍስና፣ ከሰዓታት በኋላ የመጀመሪያውን ሥራ ይገለብጠዋል። ወንዙ ይደክማል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይፈሳል። ፊንላንድ ሰማይ ላይ የታየው ግርግር በሁለት መንገድ፣ አንዴ በሩጫ አንዴ በእርጋታ፣ ኢትዮጵያ ደርሶ ይመዘገባል።

ወንዙን ለይቶ ማየት ደግሞ እንዴት ያለ ብልሃት መሰላችሁ! ኢትዮጵያዊው የጠፈር ፊዚክስ ተመራማሪ እንዳወቀ ይዘንጋው የመሩት አምበር የተባለ የማግኔቶሜትር መረብ ከጣቢያዎቹ አንዱን አዲግራት ላይ ተከለ። አዲስ አበባ በወንዙ ሥር ናት፤ አዲግራት ከዳር ናት። ሁለቱም የዓለሙን የመግነጢስ ማዕበል እኩል ይሰማሉ። ስለዚህ የአንዱን መዝገብ ከሌላው ስትቀንሱ የጋራው ይጠፋል፣ የሚቀረው ወንዙ ብቻ ነው። መቀነስ! የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ!

ማታ ደግሞ ሌላ ተአምር አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ አዮኖስፌር የሚባለው ያ ኤሌክትሪክ የተሸከመ አየር ከታች በኩል ቶሎ ይሳሳል፤ ከላይ ያለው ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ወፍራሙ ከላይ፣ ስሱ ከታች መሆኑ አይጸናምና፣ ስሱ አየር አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይሰነጥቃል፤ አንዳንዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። በእኛ ሰማይ ይህ የሚበዛው በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ነው። አረፋው ባለበት ቀዩ ብርሃን ይጠፋል፤ ሰማዩን በዚያ ቀለም ማየት ብንችል ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ጥቁር ጅማቶች ነበር የምናየው። የጂፒኤስ ምልክት በውስጡ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። የዋልታው ማዕበል በምሽቱ ሰዓት ከደረሰ አረፋውን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ በሌላ ሰዓት ከደረሰ ሊያከስመው ይችላል። የሚወስነው ሰዓቱ ነው።

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዳለፈ፣ ከፀሐይ ተከታትለው የተወረወሩ የጋዝ ደመናዎች ምድርን መቱ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ያልታየ ማዕበል ነበር። የማዕበሉ መለኪያ ከ400 ናኖቴስላ በላይ ወረደ፤ ከምድር ወገብ መግነጢስ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ መሆኑ ነው። አውሮራ ሜክሲኮ ታየ፣ የካናሪ ደሴቶች ታየ፣ ሕንድ ላዳክ ታየ፣ በእኛው አህጉር ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ ታየ። ከሩቅ የሚታየው የላይኛው ጫፉ ስለሆነ በአብዛኛው ቀይ ነበር። በዚያ ምሽት የምናውቃቸው ሁሉ የውጭ አገር ፎቶ ሲቀባበሉ አመሹ። የኛ ሰማይስ? መሬት ላይ ያሉ ማግኔቶሜትሮች በሙሉ፣ ከዋልታ እስከ ወገብ፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ አብረው ዘለዋል። ይህ ዜና ያልሆነው ለምንድን ነው? አሁንም ያናድደኛል።

በዓይን መታየቱም ቢሆን እስከ ደጃችን መጥቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1872፣ በእኛ ጥር 27 ቀን 1864 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑበት በዚያው ወር፣ ከታላላቆቹ የመግነጢስ ማዕበሎች አንዱ ተነሣ። አውሮራ ቦምቤይ ታየ። ካርቱምም ታየ። ካርቱም! ከጣና ወጥቶ፣ ጢስ እሳትን ዘሎ፣ ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ካርቱም! ከዘጌ በስተሰሜን ምዕራብ ብዙም ሳይርቅ ሰማዩ ቀልቶ ነበር።

ስለ ሰዎቹ ሳልናገር አላበቃም። ባይሌ ዳምጤ የዶክትሬት ሥራቸውን የሠሩት ፊንላንድ ውስጥ ነው፤ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ካለው የሶዳንኪላ ኦብዘርቫቶሪ ጋር። የሥራቸው ጉዳይ አዮኖስፌርን በራዳር ማንበብ ነበር፤ ብርቱ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ላይ ልኮ፣ ከኤሌክትሮኖቹ ተበትኖ የሚመለሰውን እጅግ ደካማ ማሚቶ መልቀምና መተርጎም። ከአውሮራ አገር ተመልሰው ባሕር ዳር ላይ የጠፈር ሳይንስን ተከሉ፤ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ፋሲል ተሰማ ደግሞ መንገዱን በተቃራኒው ሄደው። የጣናን ቀይ ሰማይ ካነበበ በኋላ ስቫልባርድ ገባ፣ 78 ዲግሪ ሰሜን፣ ክረምቱን ፀሐይ የማትወጣበት አገር። እዚያ የመረጠው የትኛውን አውሮራ ነው? ያንን ከፍንዳታው በኋላ የሚቀረውን፣ በሰከንዶች ልዩነት የሚበራና የሚጠፋውን! ይህ አውሮራ የሚነሣው በጠፈር ያሉ ኮረስ የሚባሉ ሞገዶች ኤሌክትሮኖችን እያናወጡ ሲያወርዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አራሴ የተባለው የጃፓን ሳተላይት ይህን በቀጥታ አሳይቷል። ሞገዶቹ ወደ ድምፅ ሲለወጡ የንጋት ወፎች ጫጫታ ይመስላሉ፤ ዘጌ ያደረ ሰው ያንን ጫጫታ ሳይተረጎምለት ያውቀዋል።

ፋሲልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ከሰሜን አውሮፓ ሰማይ 92 እንዲህ ያሉ ክስተቶችን ለቀሙ። በሦስት ዓይነት ከፈሏቸው፦ ቅርጽ የለሽ ሆነው የሚርገበገቡ 39፣ ቅርጻቸውን ይዘው የሚርገበገቡ 35፣ እምብዛም ሳይርገበገቡ ቅርጻቸውን ጠብቀው የሚንሳፈፉ 18። ከዚያ እያንዳንዱን በራዳር ለኩት። ራዳሩስ? ኢስካት፣ ያው ባይሌ የተማሩበት የራዳር ዓይነት! ያገኙትም፦ ቅርጽ ያላቸው ሁለቱ ዓይነቶች ከቅርጽ የለሹ ይልቅ ኃይለኛ ኤሌክትሮን ይዘው ይመጣሉ፤ አየሩን እስከ 70 ኪሎ ሜትር ድረስ ዘልቀው በኤሌክትሪክ ይሞሉታል። ማዕበሉ አለፈ፣ አውሮራው በረደ ተብሎ ሰው ካሜራውን አጥፎ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ ከሁሉ ጠልቆ የሚወርደው ገና መምጣቱ ነው!